ያልጨረስኩት የፊት መብራት

ኦምዱርማን፣ ኅዳር 2018

ለውድ እህቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ይወጋሻል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትንሹ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ ወይስ በዕድሜ መለሱት? ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላውን ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ያንቺ ስልክ የባልሽ ወንድም ሱቅ ቻርጅ ላይ እንደሚውል ስለማውቅ ነው። ድምፅ ብልክልሽ ካንቺ በፊት ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ጻፍኩት። የምታመጣልሽ ሬሕማ ትባላለች። እዚህ ካርቱም፣ ሶባ ሠፈር ውስጥ ከናስራ ጋር አንድ ክፍል የምትኖር የደጋን ልጅ ናት፤ በመተማ በኩል ወደ አገር ትገባለች። ለምን እንደምትገባም ትረጂዋለሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ካርቱም ሰው እየተመለሰባት ነው። ፍራሹን ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ላይ ጭኖ፣ ልጆቹን አዝሎ በየቀኑ ይገባል። የሚገባበትን ቤት ብታዪው ግን ምግብ አይወርድልሽም። በር የለ፣ መስኮት የለ፤ ሲሄዱ የተዘጋ ፍሪጅ ሲከፈት ሠፈሩ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። የመንገድ መብራት ምሰሶው ቆሟል፤ ሽቦውን ግን ከመሬት ሳይቀር ቆፍረው አውጥተው ሸጠውታል። ከመግሪብ በኋላ ሰው የሚንቀሳቀሰው በስልኩ መብራትና በሚያልፍ መኪና መብራት ነው። መኪናው ደግሞ አሮጌ ነው። ደህና ደህናው ተዘርፎ አለቀና ማንም ያልፈለገው ነው የቀረው።

ምን ሠርቼ እንደምበላ ስትጠይቂኝ «የመኪና ዓይን አጥባለሁ» ብዬሽ ስቀሽብኝ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። የፊት መብራቱ ከላይ የሚሸፈነው በመስታወት ሳይሆን በፕላስቲክ ነው። የዚህ አገር ፀሐይ ያቃጥለውና ቢጫ ይሆናል፤ ሞራ እንደወረደበት ዓይን ይደፈርሳል። አምፖሉ ደህና ቢሆንም ብርሃኑ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። እኔ ዙሪያውን ቀለሙ እንዳይጫር በፕላስተር እሸፍንና ሰንፈራ በሚሉት ሻካራ ወረቀት፣ ውሃ እያፈሰስኩ፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየቀያየርኩ እፈትገዋለሁ። ያ የተቃጠለው ሲለቅ ቢጫ ወተት የመሰለ ነገር በክንዴ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ስንት መኪና ሠርቻለሁ፣ እስካሁን አልለመድኩትም፤ ይቀፈኛል። ከዚያ ይወለወላል፤ መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይረጫል። በጥርስ ሳሙና ወይም በቤንዚን አሽተው የሚሸኙም አሉ። ለጥቂት ቀን ያበራና ከበፊቱ ብሶ ይጨልማል፤ ባለ መኪናው ግን የሚያውቀው ጨለማ መንገድ ላይ ሲደርስ ነው። የእኔ አለቃ ሂሻም የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ገበያው ጥግ ዳስ አለው። ቁጡ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ሥራ በዳሱ አይሠራም።

አሁን ስለ ባልሽ ልንገርሽ። በሽርን እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ እለው ነበር። ድንበር ተሻግሬ ስመጣ የተቀበለኝ እሱ ነው፤ ከሂሻም ጋር ያገናኘኝም እሱ ነው። አልክድም። ሶባ ላሉት የእኛ ሰዎች ሁሉ እንደ አባት ነበር፤ ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ያቺን አሮጌ ሃይስ ሚኒባስ ታውቂያታለሽ፤ ከሶባ አርካዊት ሠፈር ሰው ያመላልስባታል። መብራቷ ያደረ ሽንት ይመስላል። ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለሽ። «አምጣት፣ በነፃ ነው የምሠራልህ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ነው» እለዋለሁ። «ለፕላስቲክ ማሻሸት ግማሽ ቀን ተሳፋሪ ልጣ? እኔ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» ይለኛል። አጠገቡ ያሉት ይስቁለታል። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ዳሱን ሳንከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ድልድይ ተሻግሮ፣ የሥራ ሰዓቱን ትቶ፣ አንድ ካርቶን ጣፋጭ በእጁ ይዟል። «ያላ፣ ዛሬ ምንም የለኝም፣ ያን መብራት ሥራልኝ» አለኝ። በመጨረሻ ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቀሪው የመኪናዋ አካል አቧራ ለብሶ ፊቷ ብቻ ታጥቧል። ሥራ ሊያቀልልኝ አስቦ ነው አልኩና አመሰገንኩት። አዎ፣ አመሰገንኩት።

«በቀኙ ጀምር» አለኝ፤ በቀኙ ጀመርኩ። ከመብራቱ በታች አዲስ ስንጥቅ ነበር፤ ፕላስተሬን በላዩ ላይ ለጠፍኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሂሻም ሻዩን እየጠጣ ያየኛል። በሽር አልተቀመጠም፤ ይሄዳል ይመለሳል፣ መንገዱን ያያል፣ «ስንት ቀረህ?» ይለኛል። ቀኙ ሲያልቅ አዲስ ብርጭቆ መሰለ። እንዲህ ያማረ ሥራ ከዚያ በፊት የሠራሁ አይመስለኝም፤ የእህቴ ባል መኪና ናት ብዬ ነው። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ወደ ግራው ዞሬ ዙሪያውን ፕላስተር እየለጠፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

ሬሕማ ናት። እያለቀሰች ነው። ናስራን ትናንት ከመግሪብ በኋላ ከሥራ ስትመለስ ሶባ መንገድ ዳር መኪና ገጭቷት ጥሏት ሄዷል። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተኝታ አድራለች። በፈጅር፣ ጎህ ሲቀድ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጥ ሰው አገኛትና በርሜሉን አውርዶ እሷን ጭኖ ሆስፒታል አደረሳት። ደም ያስፈልጋል፣ ቶሎ ና አለችኝ።

ናስራን ታስታውሻታለሽ። አርካዊት ሰው ቤት የምትሠራው፤ ለኢድ በሽር የላከልሽን ዕቃ ይዛ ሐርቡ ድረስ መጥታ ቤትሽ ያደረችው።

ስልኩን ዘግቼ ለበሽር ነገርኩት። «ናስራን መኪና ገጭቷት ስታድር ማንም አላያትም፣ ደም ይፈለጋል» አልኩት። እታለም፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የት አላለኝም። ማን ገጫት አላለኝም። በሕይወት አለች ወይ እንኳ አላለኝም። «ግራውን ቶሎ ጨርስልኝና ከዚያ ትሄዳለህ» ነው ያለኝ።

ፕላስተሩን በጣቴ እንደያዝኩ ቀረሁ። ፊቱን አየሁት፤ ከዚያ የታጠበውን የመኪናዋን ፊት አየሁ፤ ከዚያ በገዛ እጄ የሸፈንኩትን ስንጥቅ። ያ ቢጫ ውሃ ክንዴ ላይ ደርቆ ነበር። የሌሊቱን ምልክት በእኔ እጅ ሊያስጠፋ ነበር የመጣው።

«አንተ ነህ» አልኩት። ጋሼ አላልኩትም።

መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምነኝ ጀመር። ጨለማ ነበር አለኝ፤ ጥቁር ለብሳ ነበር፣ ወላሂ አላየኋትም። ያለ ተሳፋሪ ባዶዬን ወደ ቤት እየገባሁ ነበር አለኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልታደሰም፣ ቢይዙኝ መኪናዋን ይወስዳሉ፣ እኔን ያባርራሉ። «እህትህ ምን ትበላለች? ልጆቹ ምን ይበላሉ?» አለኝ። የሞተች መስሎኝ ነበር አለኝ፤ ወርጄ ሳያት አልተንቀሳቀሰችም። ወርዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ሲናገር ዓይኖቹ የቀኙን መብራት እያዩ ነበር፤ ቫርኒሹ መድረቁን እያየ ነበር።

ሂሻም ብርጭቆውን አስቀምጦ «ፊ ሹኑ? ምንድን ነው ነገሩ?» አለ። በሽር በዓረብኛ «ምንም አይደለም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለው። ቤተሰብ ያለው አንቺን ነው፤ እማዬን ነው፤ እኔን ነው። በዚያ አፍ ስማችን ሲነሳ ልብሳችን ላይ የተተፋብን መሰለኝ።

ሰንፈራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እጄን ልታጠብ ሄድኩ። «አልጨርስም» አልኩት። ሰንፈራውን እራሱ አነሳና ግራውን በደረቁ ይፈትገው ጀመር። ውሃ የለ፣ ምን የለ፤ ፕላስቲኩ እየተቧጨረ እንደ ጥርስ ሲፋጭ እሰማለሁ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ ሰው የሚያከብረው ሰው ነው፤ ተንበርክኮ እያላበው ይፈትጋል። ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባዬን ሰጠሁት። እንደማይሆንለት ሲያውቅ ፕላስተሩ እንደተለጠፈ አስነስቶ ሄደ። የጣፋጩን ካርቶን ሂሻም ለዝንቦቹ ተወላቸው።

ሆስፒታል ሄጄ ደም ሰጠሁ። በማግስቱ የናስራን ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ሐኪሙ ማታውኑ መጥታ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር አለን። ይህን ያለው ለሬሕማና ለእኔ ነው፤ ለሌላ ሰው ደግሜ አላወራሁትም፤ አሁን ላንቺ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው ቀን በሽር መጣ። ነጭ ጀላቢያ ለብሷል፣ ሽቶ ተቀብቷል፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዟል፣ ከኋላው የሶባ ሰዎች ተከትለውታል። አልጋው ራስጌ ቆሞ ዱዓ አደረገ። ድምፁ ያምራል፤ ሴቶቹ አለቀሱ። «ይህን ያደረገ ሰው ልቡ ውስጥ ኢማን የለም» አለ። ሁሉም አሚን አሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እሱን አያለሁ፤ እሱ አንድም ጊዜ ወደ እኔ አልዞረም። ከዚያ ብርቱካን ላጠ። በጥንቃቄ ነጩን ሁሉ አንስቶ፣ በጣቱ ይዞ ወደ አፏ አስጠጋላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ደክሟታል፣ እንተዋት» አለ። አንዲት ሴትዮ እንደ በሽር ያለ ሰው ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር አለች። ወጥቼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አስመለስኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም ነበር፤ አረንጓዴ ውሃ ብቻ ወጣኝ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ተመልሼ ገባሁ። ናስራ «ያን ብርቱካን አውጣልኝ፣ ሽታው እያጥወለወለኝ ነው» አለችኝ። አውጥቼ ጣልኩት። ስመለስ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እንደጨፈነች ነገረችኝ።

ሲገጫት ራሷን አልሳተችም ነበር። መኪናው አለፍ ብሎ ቆመ። ሰው ወርዶ መጣ። የስልኩን መብራት ፊቷ ላይ አበራው። «ናስራ» አላት። እሷም «አቤት ጋሼ በሽር፣ እግሬን» አለችው። ያን ጊዜ የስልኩን መብራት አጠፋው። ከዚያ የበሩ ድምፅ ነው የተሰማት።

ለምን ለማንም እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። «ያንተ ሰው ነው። እህትህ ቤት አድሬያለሁ፣ ልጆቿን አቅፌያለሁ። አንተ ምን እንደምትል ሳላውቅ ለማን እናገራለሁ?» አለችኝ። እታለም፣ እግሯ ተቆርጦ እኔን ነበር የምትጠብቀው። የሞተች መስሎኝ ነበር ያለኝ ሰው ደግሞ በስሟ ጠርቷት፣ አቤት ብላው ነው የሄደው።

የዚያኑ ዕለት ከሆስፒታል ስወጣ ደወልሽ። ከሰላምታ በኋላ ምን እንዳልሽኝ ታውቂዋለሽ፣ ግን እኔ እንዴት እንደሰማሁት እንድታውቂው እጽፈዋለሁ። «አንዱ መብራት ቀርቷል አሉ፣ ለምን አትጨርስለትም? አንድ መብራት ምንህ ነው? ልጆቼን ብለህ» አልሽኝ። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ አልነበረም የዘጋው፤ እኔ ነኝ።

መብራት መቅረቱን ማን እንደነገረሽ አልጠይቅሽም፤ ሊነግርሽ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ምን ብሎ እንደነገረሽ ግን አላውቅም። ፍየል ገጨሁ ብሎሽ ይሆናል። ትራፊኮች እያስቸገሩኝ ነው ብቻ ብሎሽ ይሆናል። ሰው ነው ካለሽም የማናውቃት ሴት ናት ብሎሽ ይሆናል። እኔ ከነዚህ አንዱን ብሎሻል ብዬ ይዣለሁ። ከዚህ ወዲያ ማሰብ አልቻልኩም።

በነጋታው ለሂሻም ሁሉንም ነገርኩት። አያገባኝም ቢለኝ አልቀየመውም ነበር፤ የውጭ ሰዎች ጣጣ ነው። ዳሱን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ብቻህን ብትሄድ መጀመሪያ ኢቃማህን ይጠይቁሃል፣ ነገሩን የሚሰሙህ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ አጠገቤ ቁም» አለኝ። ሙሩር ማለትም ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ፈራሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ተናገርን። ናስራም ሲመጡባት ተናገረች።

መኪናዋን ሶባ አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሷት አገኟት። ቀኟ ያበራል፤ ግራዋ ያው ቢጫ ነው፣ የተጫጫረ፣ የእኔ ፕላስተር ዙሪያው ተለጥፎ እንደተንጠለጠለ። መኮንኑ የትኛውን እንደሠራሁ ጠየቀኝ። ቀኙን አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስኬደበትና «ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። ክፉ አላሰበም። እኔ ግን እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።

በሽርን ወሰዱት። በሚቀጥለው ቀን ሽማግሌዎቹ ዳሱ ድረስ መጡብኝ። «የገዛ አማችህን ለፖሊስ? በአገራችን እንዲህ ነው ወይ?» አሉኝ። እግሯን ያጣችውን ልጅ ስም አንዳቸውም አልጠሩም። ነገሩን በእርቅ እንጨርሳለን፣ እሷ ይቅር ካለች ይለቀቃል አሉና ስኳርና ብርድ ልብስ ይዘው እሷው ዘንድ ሄዱ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ዙሪያዋን ከበው ስለ ሶብርና ትዕግሥት፣ ስለ አጅርና የአላህ ምንዳ፣ ስለ ልጆቹ ረሃብ አወሩላት። አንደኛው እያወራ እግሯ የነበረበት የአልጋው ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ናስራ እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና «መግጨቱን ዓውፍ ብዬዋለሁ፤ ጨለማ ነበር። መብራቱን ማጥፋቱን ግን እኔ ይቅር ልለው አልችልም፤ እሱን ለአላህ ትቼዋለሁ» አለች።

«የትኛውን መብራት?» አለ በአልጋው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ፤ የመኪናውን መስሎታል።

እስካሁን ያለው ይህ ነው። በሽር እንደታሠረ ነው፤ ፍርዱ አልተሰጠም። ናስራ ከሆስፒታል ወጥታ ሬሕማ ክፍል ናት። የአርካዊቷ አሠሪዋ ትመጣለች፣ ትጠይቃታለች፣ ደህና ሴት ናት። ሬሕማ ወደ አገር የምትገባው ለናስራ እናት ልትነግር ነው፤ በስልክ አይነገርም ብላ። መንገዷ ባንቺ በኩል ስለሆነ ብታሳድሪያት፣ አብረሻት ደጋን ድረስ ብትሄጂም ደስ ይለኛል። ካልቻልሽ አልፈርድብሽም።

ስለ ልጆቹ አትጨነቂ። የምበላውን ለእነሱም እልካለሁ፤ ይህ የእኔ ጉዳይ ነው፣ የአባታቸው ጥፋት የእነሱ አይደለም። እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ያ ቢጫ ውሃ ዛሬም ይወርዳል። መኪና ሲመጣልኝ ከመንካቴ በፊት ዙሪያውን እዞራለሁ፤ አዲስ ስንጥቅ እፈልጋለሁ።

መልስ ከጻፍሽልኝ ምን ብሎ እንደነገረሽ ብቻ ጻፊልኝ። ፍየል ነው ብሎኝ ነበር ብትዪኝ አምንሻለሁ። ደግሜም አልጠይቅሽም።

ናስራ ሰላም በልልኝ ብላለች። ቤትሽ ባደረች ቀን ፍራሽሽን ለቀሽላት አንቺ ከልጆቹ ጋር መሬት እንደተኛሽ አወራችኝ። «እንዳንተ እህት ያለ ደግ ሰው አላየሁም» አለችኝ። አዎ አልኳት። መደወልሽን አልነገርኳትም።

አላህ እናታችንን በዕድሜ ያቆይልን፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ የልብሽን ያቅናልሽ።

ወንድምሽ